ዋሱ ማን ነው?

የእኅቴ ልጅ ባለፈው ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ከጨረሰ በኋላ አንድ እሑድ ሊጠይቀኝ መጣ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውሮፕላን ነጂ ለመሆን ሲመኝ የኖረ ልጅ ነው፤ ቤታቸው ከቦሌ አየር ማረፊያ ብዙ ስለማይርቅ የሚነሣውንና የሚያርፈውን አውሮፕላን ቀና ብሎ ሳያይ በድምፁ ብቻ ዓይነቱን ይናገራል። በዚያን ቀን ግን እንደ ወትሮው አልተጫወተም። ቡናው እስኪፈላ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ቆየና እንዲህ አለኝ፤

«ጋሼ፣ ጓደኞቼ ይሥቁብኛል። ‹አንተ ተምረህ እስክትጨርስ ድረስ አውሮፕላን ያለ ሰው መብረር ይጀምራል፤ የጋሪ ነጂነት ልትማር ነው› ይሉኛል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል? ልሂድ ወይስ ልተወው?»

ወዲያውኑ ልመልስለት አልቻልሁም። «ሂድ» ብዬው ነገ ሥራ ቢያጣ ዕድሜውን ያባከነው በእኔ ምክር ይሆናል፤ «ተወው» ብዬው ደግሞ ወሬው ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የሕይወቱን ምኞት አስጣልሁት ማለት ነው። ስለዚህ «ጊዜ ስጠኝና አስቤ እነግርሃለሁ» አልሁት። ያሰብሁትን እዚህ የምጽፈው ጥያቄው የእርሱ ብቻ ስላልሆነ ነው። ዛሬ ብዙ ወጣቶች ሐኪም ወይም ሒሳብ ዐዋቂ፣ አስተርጓሚ ወይም መሐንዲስ ለመሆን ሲነሡ «ይኸን ሥራ ነገ መሣሪያ ሊሠራው አይደለምን?» ብለው በልባቸው ይጠይቃሉ። የአውሮፕላን ነጂው ነገር ለሁሉም ምሳሌ ይሆናል። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ።

ጥያቄውን በሁለት ከፍዬ ተመለከትሁት። አንደኛው፣ መሣሪያ የአውሮፕላን ነጂን ሥራ ሊሠራ ይችላልን? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ቢችልስ ማንም ሰው በማይነዳው አውሮፕላን ውስጥ ሰዎችን አሳፍሮ መስደድ ይገባልን? የሚል ነው። የመጀመሪያው የጥበብ ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው ግን የግብረ ገብ ጥያቄ ነው። ሰዎች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን መልስ ካገኙ ሁለተኛውም የተመለሰ ይመስላቸዋል።

የመጀመሪያውን በተመለከተ እውነቱን መሸሸግ አያስፈልግም፤ መሣሪያው ብዙ ሥራ ይችላል፤ መቻል የጀመረውም ዛሬ አይደለም። በ1914 ዓ.ም. በሰኔ ወር ሎሬንስ ስፔሪ የተባለ የ21 ዓመት አሜሪካዊ ፓሪስ አጠገብ፣ በሴን ወንዝ ላይ፣ ብዙ ሕዝብ እያየው አውሮፕላኑን እያበረረ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አነሣ። ረዳቱም ከመቀመጫው ተነሥቶ በክንፉ ላይ ተራመደ። አውሮፕላኑ ግን ሚዛኑን ሳይስት መንገዱን ቀጠለ። ሚዛኑን ይጠብቅ የነበረው በኃይል የሚሾር መንኰራኵር ነው። እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ እንዝርት በሚሾርበት ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆያል፤ መሾሩን ሲተው ግን ያዘነብላል። ስፔሪ ያንን ጠባይ አውሮፕላን እንዲጠብቅ አደረገው። አውቶፓይለት የሚባለው በራሱ የሚነዳ መሣሪያ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየሰፋ ሄደ። ዋይሊ ፖስት የተባለው አንድ ዓይና አብራሪ በ1931 ዓ.ም. መንገድ የሚመራው ጓደኛ ይዞ ዓለምን በ8 ቀን ከ15 ሰዓት ዞረ፤ በ1933 ዓ.ም. ግን በጓደኛው ፈንታ አውቶፓይለት ይዞ ብቻውን በ7 ቀን ከ18 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ጨረሰ። በ1947 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ጦር አውሮፕላን ከኒውፋውንድላንድ ተነሥቶ አትላንቲክን ተሻግሮ እንግሊዝ አገር እስኪያርፍ ድረስ በውስጡ የነበሩት ሰዎች መሪውን አልነኩም። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ መንገደኞች የጫነ ትራይደንት የተባለ አውሮፕላን ጭጋግ በሚበዛባት በለንደን በመሣሪያ መሪነት መሬት ነካ። እንግዲህ የዛሬው ወጣት እንደ አዲስ የሚሰማው ወሬ ከአያቶቹ ዘመን የጀመረ ነው።

የአብራሪዎች ክፍልም ሰው እየቀነሰ መጥቷል። ቀድሞ በትልልቆቹ አውሮፕላኖች ፊት ለፊት አምስት ሰዎች ይቀመጡ ነበር፤ ሁለት አብራሪዎች፣ አንድ የሬድዮ ሠራተኛ፣ አንድ መንገድ መሪ፣ አንድ መሐንዲስ። የተሻለ ሬድዮ ሲመጣ የሬድዮው ሠራተኛ ወረደ፤ መንገዱን የሚያሰላ መሣሪያ ሲመጣ መንገድ መሪው ወረደ፤ በመጨረሻም ሞተሩን የሚጠባበቅ ኮምፒዩተር ሲመጣ መሐንዲሱ ወረደ። ዛሬ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ በአብዛኛው በረራ መሪውን በእጃቸው የሚይዙት ለጥቂት ደቂቃዎች፣ ሲነሡና ሲያርፉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር እወዳለሁ። የሬድዮው ሠራተኛ በመውረዱ መንገደኛ አልተጐዳም። ሥራ የሚኖረው ለሠራተኛው እንጀራ ለመስጠት ብቻ አይደለም፤ ሥራው ለሚሠራለት ሰው ጥቅም ነው። መሣሪያው የመንገደኛውን ሕይወት ከአብራሪው ይልቅ የሚጠብቅ ከሆነ አብራሪው «እንጀራዬ ነው» ብሎ መቀመጫውን አልለቅም ለማለት ምንም መብት የለውም። ድንኳን ሰፊ ድንኳኑ እንዲሰፋለት ብሎ ሰው እንዲሞት ሊመኝ እንደማይገባው ማለት ነው። ስለዚህ የእኅቴን ልጅ «ሂድ» የምለው ከሆነ ለእንጀራው ብቻ ስል መሆን የለበትም።

እንዲያውም የሰውን ድካም ካነሣን አይቀር የሚያስፈራውን ሁሉ እናንሣ። በአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ውስጥ የሰው ስሕተት ደጋግሞ ይገኛል። ከስሕተትም የከፋ አለ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ከባርሴሎና ወደ ዱሰልዶርፍ ይበር በነበረ አውሮፕላን ውስጥ ካፒቴኑ ለጥቂት ጊዜ ከክፍሉ ሲወጣ፣ ረዳት አብራሪው በሩን ከውስጥ ቈልፎ አውሮፕላኑን ሆን ብሎ ከአልፕስ ተራራ ጋር አጋጨው። 150 ሰዎች አለቁ። መሣሪያ ቂም አይይዝም፤ አያዝንም፤ እንቅልፍም አይወስደውም። ይህን ሁሉ አይቶ «ሰውን ከዚያ መቀመጫ አውርዱት» የሚል ሰው ቢኖር ተላላ ነው ሊባል አይችልም።

እንግዲህ የሁለተኛውን ወገን ነገር እንመልከት። በ2009 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ነገሮች ሆኑ። በጥር ወር ከኒው ዮርክ የተነሣ አንድ አውሮፕላን ገና ከፍ ሳይል ከአእዋፍ መንጋ ጋር ተጋጨና ሁለቱም ሞተሮቹ ኃይላቸውን አጡ። በውስጡ 155 ሰዎች ነበሩ። ካፒቴኑ ቼስሊ ሳለንበርገር ይባላል፤ ወደ 20 ሺህ ሰዓት የሚጠጋ የበረረ ሰው ነው። ወደ አየር ማረፊያ ልመለስ ቢል ከተማ ላይ እንደሚወድቅ ገመተና አውሮፕላኑን ሐድሰን ወንዝ ላይ አሳረፈው። ወፎቹ ከመቱት እስኪያርፍ ድረስ የነበረው ጊዜ አራት ደቂቃ አልሞላም። ያን ጊዜም የአውሮፕላኑ ኮምፒዩተር ሚዛኑን በመጠበቅ አግዞታል፤ ወንዙን የመረጠው ግን ሰው ነው። ሁሉም ዳኑ። ካፒቴኑ የቀረ ሰው እንዳይኖር ውሃ በሚገባው አውሮፕላን ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ካየ በኋላ በመጨረሻ ወጣ።

በዚያው ዓመት በሰኔ መጀመሪያ ከሪዮ ዴ ጃኔሮ ወደ ፓሪስ 228 ሰዎች ይዞ የሚሄድ የኤር ፍራንስ አውሮፕላን በሌሊት አትላንቲክ ውስጥ ገባ። ፍርስራሹ ከውቅያኖሱ ወለል ላይ ተገኝቶ፣ የበረራው መዝገብ በ2011 ዓ.ም. ከጥልቁ ከወጣ በኋላ የሆነው ነገር ታወቀ። ፍጥነት የሚለኩት ቧንቧዎች በረዶ ደፈናቸው። አውቶፓይለቱም የሚያምነው ቍጥር ስላጣ ሥራውን አቁሞ አውሮፕላኑን ለሰዎቹ መልሶ አስረከበ። ቧንቧዎቹ ብዙም ሳይቈዩ ተከፈቱ፤ አውሮፕላኑም ደኅና ነበር። ነገር ግን መሪውን የያዘው አብራሪ ደንግጦ አፍንጫውን ወደ ላይ ሳበው፤ ክንፉም አየሩ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ቀና ስላለ አውሮፕላኑ እንደ ድንጋይ መውደቅ ጀመረ። ማስጠንቀቂያው እየጮኸ፣ መድኃኒቱም አፍንጫውን ወደ ታች ማድረግ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ከአራት ደቂቃ ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ሁሉም አለቁ። መርማሪዎቹ ከጻፏቸው ምክንያቶች አንዱ፣ አብራሪዎቹ በዚያን ያህል ከፍታ አውሮፕላንን በእጅ የመንዳት ልምምድ ያላገኙ መሆናቸው ነው።

በሐድሰን የሆነውን የሚያነሣ ሰው «ሰው ያስፈልጋል» ይላል፤ በአትላንቲክ የሆነውን የሚያነሣ ሰው «ሰው ነው የገደላቸው» ይላል። እኔ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ሳያቸው አንድ ትምህርት አገኘሁባቸው። በሁለቱም ጊዜ መሣሪያው ሊሠራው የማይችለው ነገር ሲመጣ መሪው ወደ ሰው እጅ ተመለሰ። አንደኛው እጅ ዕድሜውን ሁሉ ሲለማመድ የኖረ ነበር፤ ሁለተኛው ግን መሣሪያው ሥራውን ሁሉ ይዞበት ለዚያች ሰዓት የሚሆን ልምምድ ያላገኘ እጅ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ሥራችንን የሚያቀልልን ነገር ችሎታችንንም ሳናውቀው ይወስድብናል። ሰውን ዓመት ሙሉ ተመልካች አድርጎ አስቀምጦ፣ በጭንቅ ሰዓት በአንድ ጊዜ ጌታ ሁን ማለት ፍርድ አይደለም።

ይህን ሳስብ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ በበቅሎ ብዙ የተጓዘ ሰው ነበር። ከሩቅ ገበያ ሲመለስ ከበስተኋላው ታፍሬ እሄድ ነበር። ሲመሽ በቅሎዋ ማንም ሳይመራት ወደ ቤት ትሄዳለች፤ አባቴም አንዳንድ ጊዜ እያንቀላፋ ይጓዛል፤ ልጓሙን ግን ከእጁ አይለቅም። አንድ ቀን «አባባ፣ መንገዱን የምታውቀው እርሷ ከሆነች እርስዎ ልጓሙን ለምን ይይዛሉ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አንተ ገደል ብትገባ እናትህ የምትጠይቀው እኔን ነው እንጂ በቅሎዋን አይደለም» አለኝ። ያን ጊዜ የመልሱ ትርጕም አልገባኝም ነበር።

የገባኝ በመጋቢት 10 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። እሑድ ጧት ነበር። ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀና 157 ሰዎች ሞቱ። ወሬውን ስሰማ ከዘመድ ጋር ተቀምጬ ነበር፤ ለብዙ ጊዜ ማንም ቃል አልተናገረም። ከዚያ በፊት በጥቅምት 2018 ዓ.ም. የዚያው ዓይነት፣ ቦይንግ 737 ማክስ የሚባል አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር።

ምክንያቱ በምርመራ ታወቀ። ፋብሪካው በአውሮፕላኑ ውስጥ አንድ በራሱ የሚሠራ ሥርዓት አስገብቶ ነበር፤ ኤምካስ ይባላል። ሥራው አፍንጫው ከመጠን በላይ ቀና ያለ ሲመስለው ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ታች መግፋት ነው። አውሮፕላኑ የአፍንጫውን አቅጣጫ የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች እያሉት ኤምካስ የሚያምነው አንዱን ብቻ ነበር። ያ አንዱ ሲበላሽ ሥርዓቱ ደኅናውን አውሮፕላን ወደ መሬት ይገፋ ጀመር፤ አብራሪዎቹ ያቀኑታል፣ እርሱ መልሶ ይገፋል። የኢንዶኔዥያዎቹ አብራሪዎች በወደቁበት ቀን እንዲህ ያለ ሥርዓት መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር፤ በአብራሪዎች መጽሐፍ ውስጥ አልተጻፈምና። ፋብሪካው አዲሱ አውሮፕላን ከቀድሞው ብዙ የማይለይ መስሎ እንዲታይ፣ ገዢዎቹም ለአብራሪዎቻቸው ልዩ የልምምድ ወጪ እንዳያወጡ ይፈልግ ነበር።

አንባቢዬ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የ2019ን አደጋ ያደረሰው ሰው ነው ወይስ መሣሪያ? መሣሪያው የታዘዘውን አደረገ። ያዘዘው ሰው ነው። ያ ሰው ግን አውሮፕላኑ ውስጥ አልነበረም፤ ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከብዙ ዓመት በፊት፣ በጠረጴዛ ላይ ነበር። በአውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ወጣቶች ግን እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ድረስ ከመንገደኞቻቸው ጋር ታገሉ፤ ከመንገደኞቻቸውም ጋር ሞቱ።

ስለዚህ «ሰው ይሻላል ወይስ መሣሪያ?» የሚለው ክርክር የተሳሳተ ክርክር ነው። መሣሪያው በሰው የታሰበና በሰው የተሠራ ስለሆነ ሰውን ከአውሮፕላን ፈጽሞ ማውጣት አይቻልም። የሚቻለው የሚወስነውን ሰው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ብቻ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «በሕይወታችን ላይ የሚወስነው የትኛው ሰው ይሁን? አብሮን የተሳፈረው ወይስ በሩቅ የተቀመጠው?» የሚለው ነው።

በአገራችን ልማድ ሰው ሲበደር ወይም ተከሶ ሲለቀቅ ዋስ ይጠራል። ዋስ የሚሆነው ስም ያለው፣ ቤቱ የሚታወቅ፣ ነገሩ ቢበላሽ የሚያዝ ሰው ነው። ዕቃ መያዣ ሊሆን ይችላል፤ ዋስ ግን ሊሆን አይችልም። ዋስ የሚጠየቅና የሚመልስ ነውና። አውሮፕላን ስንሳፈር ውል የማንጽፍለት ዋስ ከፊታችን ተቀምጦልናል። ስሙን በድምፅ ማጉያ ይነግረናል። ያስያዘውም ገንዘብ ሳይሆን የገዛ ነፍሱን ነው፤ እኛ የምንወድቅ ከሆነ እርሱም ከእኛ በፊት መሬት ይነካል። በ1946 ዓ.ም. አየር መንገዳችን ሥራ ሲጀምር ያበርሩ የነበሩት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በአዛዥነት ሲበርር ያ ቀን የሚያኰራ የሆነው፣ የእኛ ሰው መሪ ማዞር ስለ ቻለ ብቻ አይመስለኝም። የብዙ ሰው ነፍስ የሚታመንበት ዋስ ሆኖ ስለ ተቀመጠ ነው።

አሁን ደግሞ የሩቁን ሰው እንመልከት። ከሁለቱ አደጋዎች በኋላ ቦይንግ በጥር 2021 ዓ.ም. ከአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ተስማምቶ ከሁለት ቢሊዮን ተኩል ዶላር በላይ ለመክፈል ቃል ገባ። ከሰው ወገን የተከሰሰ አንድ ሠራተኛ ብቻ ነበር፤ እርሱም በ2022 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ነጻ ወጣ። ፍርዱን ለመንቀፍ አይደለም የምናገረው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ስሕተት በአንድ እጅ ሲሠራ ባለቤቱ ይታወቃል፤ በመቶ ጠረጴዛ ላይ ተከፋፍሎ ሲሠራ ግን እያንዳንዱ «የእኔ ድርሻ ትንሽ ነበረች» ይላል፤ ሁሉም እውነቱን ነው፤ የ346 ሰዎች ሞት ግን ባለቤት ያጣል።

ምናልባት አንድ ብልኅ አንባቢ «በአልፕስ የተጋጨው ረዳት አብራሪም ነፍሱን አስይዞ ነበር፤ ዋስነቱ ምን ጠቀመ?» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነፍስን ማስያዝ ብቻውን አይበቃም። ግን ያ ክፉ ነገር የተሠራው መቼ እንደሆነ እናስተውል፤ ካፒቴኑ ወጥቶ ሰውየው ብቻውን በቀረበት ሰዓት ነው። አባቶቻችን ለትልቅ ነገር በአንድ ዋስ የማይረኩት ያለ ምክንያት አልነበረም። አንዱ ቢሳሳት ሁለተኛው እንዲያርመው ነው። ዛሬም ወጪ ለመቀነስ ሁለቱን አብራሪዎች ወደ አንድ ለማውረድ የሚያጠኑ ሰዎች አሉ። የአውሮፓ የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ ጉዳዩን አስጠንቶ በ2025 ዓ.ም. የወጣው ውጤት፣ ባሁኑ ጊዜ ባሉት አውሮፕላኖች አንድ ሰው ብቻውን ሲቀመጥ ሁለት ሰዎች የሚሰጡትን ያህል ደኅንነት እንደሚሰጥ ማስረዳት አልተቻለም የሚል ነው።

ይህ ማለት ግን የሁለት ሰዎች መቀመጫ እስከ ዓለም ፍጻሜ ይኖራል ማለት አይደለም። ጊዜው ሲደርስ መሣሪያው ሁሉን ነገር በብዙ ፈተና አስመስክሮ አብራሪው የሚወርድበት ቀን ሊመጣ ይችላል። አሁንም ቢሆን አብራሪው ቢታመም መንገደኛው አንድ ቍልፍ ሲጫን ራሱን የሚያሳርፍ ትንሽ አውሮፕላን ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈቅዷል፤ መልካም ነገር ነው፤ ብዙ ነፍስም ያድናል። እኔ የምለው፣ ዋሱን ከማውረዳችን በፊት ተተኪው ዋስ ማን እንደሆነ ይነገረን ነው። መሣሪያውን ያሰበው፣ የፈተነውና «ይብረር» ብሎ የፈረመው ሰው ስሙ ይታወቅ፤ ልጆቹንም በዚያው አውሮፕላን ያሳፍር፤ ነገሩ ቢበላሽ ከሟች ቤተ ሰብ ፊት ቆሞ ይመልስ። ይህ ከተደረገ አውሮፕላኑን የሚነዳው እጅም ሆነ ሽቦ እኔ አልፈራም። ይህ ካልተደረገ ግን መንገደኛው ዋስ ሳይጠራ ነፍሱን ያበደረ ሰው ይሆናል።

ነገሩ የአውሮፕላን ብቻ አይደለም ያልሁት በከንቱ አልነበረም። ባለፈው ክረምት አንድ መሥሪያ ቤት ለጉዳይ ሄጄ ሦስት ቀን ተመላለስሁ። በየቀኑ የሚሰጠኝ መልስ «ሲስተም የለም» የሚል ነበር። በሦስተኛው ቀን ሲስተሙ መጣና «ስምዎ አይታይም» ተባልሁ። መዝገቡ ከወጣቱ ሠራተኛ በስተጀርባ በመደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ይታየኛል። «ልጄ፣ መዝገቡን ገልጠህ ብታየው ምናለ?» አልሁት። «አባባ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ኮምፒዩተሩ ነው ያለው» አለኝ። ክፉ ልጅ አልነበረም። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ሳይሆን እርሱ ራሱ ከሥራው ወርዶ ነበር። ደመወዙን እየተቀበለ፣ ወንበሩ ላይ እየተቀመጠ፣ ዋስነቱን ለመሣሪያው ሰጥቶ ነበር። ሰው በመሣሪያ የሚተካው ከሥራ በሚሰናበትበት ቀን ብቻ አይደለም፤ «እኔ አይደለሁም፣ እርሱ ነው» ማለት በጀመረባት ቀን ተተክቷል።

የእኅቴን ልጅ ከአንድ ወር በኋላ አስጠራሁትና ይህን ሁሉ ነገርሁት። በመጨረሻም እንዲህ አልሁት፤ «ሂድ። ግን ለልብሱና ለወርቁ ጥልፍ ብለህ አትሂድ፤ እነርሱ ቀድመው የሚቀሩ ናቸው። አውሮፕላኑን በእጅህ መንዳት እስክትጠግብ ተማር፤ መሣሪያው በሚነዳበትም ሰዓት እጅህን አታስረሳው። መሣሪያውንም ደግሞ አትናቀው፤ ከውስጡ ምን እንደሚያስብ፣ የትኛውን መለኪያ አምኖ እንደሚወስን ጠይቀህ እወቅ፤ የማታውቀውን ነገር ያስገቡብህ እንደሆነ ዝም አትበል። ከኋላህ የተቀመጡት ሰዎች ዋሳቸው አንተ ነህና። አንድ ቀን ያ መቀመጫ ቢቀር እንኳ እንዲህ ሆኖ የተማረ ሰው ሌላ መቀመጫ አያጣም። የሚጠየቅና የሚመልስ ሰው የማይፈለግበት ሥራ እስከ ዛሬ አላየሁም።»

ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ፣ ዋስነቱ ከበደኝ» አለኝ።

«ካልከበደህ አትሂድ» አልሁት።

ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር ተጫወትን። ሲመሽ እስከ በሩ ሸኘሁት። አንድ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ እንደ ልማዱ ዓይነቱን ይነግረኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እርሱ ግን ቀና ብሎ መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ተመለከተና «ማን እየነዳው ይሆን?» አለ። በማግሥቱ ማመልከቻውን ይዞ ሄደ።